ታብሌቱ ጤና ኬላ ደርሷል፤ ኔትወርኩስ?

በገጠር ጤና ኬላ ውስጥ በወራት የተከፋፈለ አንድ ሳጥን አለ፡፡ ሕፃኑ የሚቀጥለውን ክትባት የሚወስደው በኅዳር ከሆነ ካርዱ ከቤተሰቡ ማኅደር ወጥቶ በኅዳር ክፍል ይቀመጣል፡፡ ወሩ አልቆ ካርዱ እዚያው ካለ ሕፃኑ አልመጣም ማለት ነውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ቤቱ ትሄዳለች፡፡ ሳጥኑ መብራት አይፈልግ፣ ኔትወርክ አይፈልግ፡፡

ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ደመወዝተኛ ሴቶች እንዲመደቡ፣ አምስት ኬላዎችም ከአንድ ጤና ጣቢያ ጋር እንዲተሳሰሩ ታስቦ ነበር፡፡ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጤና ሚኒስቴር ይህንን የወረቀት አሠራር ወደ ታብሌት እያዛወረ ነው፡፡

ተቃዋሚ አይደለሁም፡፡ የወር ሪፖርት በእጅ መደመር ምን ያህል እንደሚያደክም አይጠፋኝም፡፡ ሥርዓቱን የቀረፁትም ቢሆኑ አገሩን ያውቁታል፤ ታብሌቱ ያለ ኔትወርክ ይመዘግባል፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል፡፡ የእኔ ጥያቄ የሚጀምረው “ሲገኝ” ከሚለው ቃል ነው፡፡ (አዲስ አበባ ተቀምጬ ለግማሽ ሰዓት ሲጠፋ የማጉረመርም ሰው መሆኔን አልክድም፡፡)

ያልተላከ መረጃ ያለው እዚያው ታብሌት ውስጥ ብቻ ነው፡፡ ሠራተኛዋ ደም የሚፈሳትን ነፍሰ ጡር ወደ ጤና ጣቢያ ብትልክ፣ እናቲቱ በቃሬዛ ደርሳ መረጃዋ ገና ቀበሌው ውስጥ ሊሆን ይችላል፡፡ ስለዚህ በወረቀትም መጻፍ ግድ ይላል፡፡ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ የምትሠራበት ሰዓት የሚቀነሰው ደግሞ ቤት ለቤት ከምትሄድበት ጊዜ ላይ ነው፡፡ ሌላም አለ፡፡ ወረዳ ላይ ስክሪን ለሚያይ ኃላፊ መረጃ ያልላከ ቀበሌ ያልሠራ ይመስለዋል፤ ከሁሉ የራቀው ከሁሉ ይበልጥ ሰነፍ ሆኖ ይታያል፡፡

የሕግ ሰው በዚህ ምን አገባው የሚል አንባቢ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41(3) ይመልከት፡፡ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው፡፡ እንደ እኔ አረዳድ፣ አገልግሎቱ በታብሌት በኩል እንዲያልፍ ከተደረገ ሶላሩ፣ ጥገናውና የኢንተርኔት ጥቅሉ የአገልግሎቱ አካል ናቸው፤ ከመድኃኒቱና ከክትባቱ ጎን በበጀት ሊያዙ ይገባል፡፡ ያ እስኪሆን ማንም ኬላ ሳጥኑን እንዲጥል መታዘዝ የለበትም፡፡

ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የጤና ሁኔታ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው መረጃዎች ይመድባል፡፡ የወረቀቱ ማኅደር ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፡፡ ታብሌቱ ግን ከሠራተኛዋ ጋር ከጎጥ ጎጥ ይዞራል፣ ወንዝ ይሻገራል፡፡ አንድ ቀን ቢጠፋ የቀበሌው ሕዝብ ገመና አብሮ ይጠፋል፡፡ ያን ጊዜ ኃላፊነቱ የሥርዓቱ ባለቤት ነው ወይስ ዋጋው ከደመወዟ የሚቆረጥባት የሠራተኛዋ? ይህ ታብሌቱ ሲሰጣት በምትፈርምበት ወረቀት ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፡፡