የጉና ጠጠርና የጣና ዓሣ

በጉና ተራራ አካባቢ ያሉት ጋይንት፣ እስቴና ስማዳ የዓሣ አገር ተብለው ባይታወቁም፣ የጣና ሐይቅ ዓሣ ታሪክ ያለ ጉና ተራራ ሊጻፍ አይችልም፤ ከጉና ተነሥተው ወደ ምዕራብ የሚወርዱት ጉማራና ርብ የሐይቁ ዓሦች የሚራቡባቸው ወንዞች ናቸውና። በሌላው ወገን ስማዳን ከወሎ የሚለየው የበሽሎ ወንዝ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ሲሆን፣ ወደ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ይህ ፏፏቴ ከታች የሚመጣን ዓሣ ስለሚያግድ፣ የጉማራና የበሽሎ ዓሦች ጎረቤት ሆነው እንኳ ለብዙ ሺህ ዓመታት ተለያይተው ኖረዋል።

ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከጣና ትልልቅ ዓሦች በርካቶቹን ለአውሮፓ ሳይንስ አስተዋወቀ፤ ላቤዮባርበስ የሚለውን የወገን ስም ያወጣውም እሱ ነው፤ የሐይቁ ሰው ነጭ ዓሣ የሚላቸው እነዚህን ነው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ከሐይቁ ውጭ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎችን ለዩ፤ ብዙዎቹም በክረምት፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፣ ወንዝ ሽቅብ ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን እንደሚጥሉ አረጋገጡ።

ይህ ጠጠር ውኃውንም ያጠራል። ዓሣ ከምግቡ ፕሮቲን የተረፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው አሞኒያ አድርጎ በስንጥቡ በኩል ያስወጣዋል። አሞኒያ ራሱን ዓሣውን የሚመርዝ ቢሆንም፣ ወራጅ ውኃ ይበትነዋል፤ በጠጠሩ ላይ በተለጠፈው አንሸራታች ስስ ሽፋን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ የሕያዋን ሥራ መሆኑ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1877 ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ፈረንሳውያን የከተማ ፍሳሽን አሸዋና የኖራ ድንጋይ በሞሉት ቱቦ ውስጥ ቀስ አድርገው ባሳለፉ ጊዜ ነው፤ ለ20 ቀናት ያህል ምንም ለውጥ አልታየም፣ ከዚያ ናይትሬት መውጣት ጀመረ፣ የክሎሮፎርም ትነት ሲገባበትም ቆመ። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 ባክቴሪያዎቹን ለይቶ አወጣቸው።

በገንዳ ውስጥ ያለውን ውኃ እያጣራ ደጋግሞ የሚጠቀም የዘመናችን የዓሣ እርባታ የተመሠረተው በዚሁ ቱቦ ላይ ነው። ባዮፊልተር የሚባለው ክፍል በጠጠር ወይም ብዙ ገጽታ ባላቸው የፕላስቲክ ቁርጥራጮች የተሞላ የባክቴሪያዎች ማደሪያ ሲሆን፣ አዲስ ሲተከል እስኪበስል ከ4 እስከ 6 ሳምንት መጠበቁ የፈረንሳውያኑን 20 ቀን ያስታውሳል። ከ1 ኪሎ መኖ ወደ 30 ግራም ገደማ የአሞኒያ ናይትሮጅን ይወጣል፤ 1 ግራሙን ለመለወጥም ባክቴሪያዎቹ ከ4 ግራም ተኩል በላይ ኦክስጅን ይፈጃሉ። ስለዚህ መብራት ተቋርጦ አየር የሚነፋው ማሽን ከቆመ ዓሣውና ማጣሪያው አብረው ይታፈናሉ፤ የጉማራ ጠጠር ግን ይህን ሁሉ የሚሠራው ያለ መብራት ነው።

ወደ ጣና ስንመለስ፣ የአካባቢው የማስገር ሥራ ለብዙ ዘመን የኖረው በቀላል መሣሪያ ነበር፤ በሐይቁ ወይጦ የሚባሉት አስጋሪዎች ከደንገል በሚያበጁት ታንኳ፣ በወንዞቹም ዓሣን የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ በመውቀጥ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በአንድ የልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ሲገቡ፣ መረቡ በወንዞቹ አፍ ላይ ተዘረጋ፤ ወደ ወንዝ የሚወጣው ዓሣም በዚያ እየተሰበሰበ ለገበያ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት ዓመታት ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ ወረደ።

ከመረቡ ሌላ በጠጠሩ ላይ የደረሰው ጉዳት ብዙም አይወራም። ከጉና ተዳፋት ታርሶ የሚወርደው አፈር በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት ሲደፍነው ውኃና አየር ወደ ባክቴሪያዎቹና ወደ እንቁላሎቹ አይደርስም፤ የዓሣ እርባታ ባለሙያ ይህንኑ የማጣሪያ መደፈን ይለዋል፤ ማጣሪያውንም አጥቦ ያስተካክለዋል። በጉማራና በርብ ግን ደለል ያልደፈነውን አሸዋና ጠጠር የጭነት መኪና ለሕንፃ ሥራ እየጫነ ይወስደዋል።