ሰርጉ ሸኖ ሳይደርስ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ ነገር የሆነው በደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ነው፤ ከላምበረት መናኸሪያ ማልዶ በተነሳ ሚድባስ ውስጥ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ወጣት ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ሥራው ሰርግ መቅረጽ ነው። ከጎኑ ነጠላቸውን ደርበው የተቀመጡት እናት ደግሞ የሙሽራዋ አክስት ናቸው። ሁለቱም ለመልሱ ወደ ደብረ ብርሃን መሄዳቸው ነው። ለገጣፎን እንዳለፍን ሴትዮዋ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አሰገጉ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የኛ ሰርግ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እናቴ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ስልኬ ላይ ጫንልኝ እንጂ!»

ጫንልኝ ማለት ይቀላል። ሴትዮዋ ከቦርሳቸው ገመድ መዘው ሰጡት፤ ሰካው። ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ላፕቶፑ ግን ስልክ የሚባል ነገር አላየሁም አለ። ልጁ ገመዱን አገላብጦ አይቶ ሳቀ። መደበኛው የዩኤስቢ ገመድ ሆዱ ውስጥ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ ሁለቱ ኃይል፣ ሁለቱ ፋይል ያመላልሳሉ። በርካሽ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ግን የኃይሉን ሁለቱን ብቻ ይዘው ይወጣሉ። እንዲህ ያለው ገመድ ስልክ ያጠግባል እንጂ ፋይል አያሻግርም፤ ሻጩም ይህን አይነግራችሁም።

ከኋላ ያለ ተማሪ ይህን ሰምቶ ፍላሽ አቀበለ። የቀራጺው ፊት ጠቆረ። የሰው ፍላሽ ሲባል ቫይረስ ነው የሚታየው፤ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት አድርጎ የሚያስቀረው። ቢሆንም ስካን አድርጎ ከፈተው። ባለ 16 ጊጋ ነው፤ ጥቂት ፋይል ቢኖርበትም አብዛኛው ባዶ ነው። ሙሉው ሰርግ 6 ጊጋ ነው። ኮፒ ሲለው ላፕቶፑ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ መለሰው።

«ቦታ አለው አይደል እንዴ?» አለ ተማሪው ተናዶ።

ቦታስ አለው። ግን ብዙ ፍላሾች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚደራጁት ፋት 32 በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ከዊንዶውስ 95 ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው፤ አንድን ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም። ፍላሹ መቶ ጊጋ ቢሆንም ያው ነው። መፍትሔው ኤክስፋት ተብሎ ፎርማት ማድረግ ነው፤ ፎርማት ደግሞ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። ተማሪው ፍላሹን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«እንግዲያው አጭሩን ልስጥዎት» አለ ልጁ። አጭሩ አንድ ጊጋ ገደማ ነው።

«በቴሌግራም ላክላቸው!» አለ ረዳቱ ከበሩ። ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋ ስለሚቀበል ፋይሉ አያንሰውም አይበዛበትም። ግን አስቡት፦ ፋይሉ ከወንበሩ ተነስቶ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ይደርሳል፤ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ወንበር ላይ ይወርዳል። ሲሄድ የልጁን ጥቅል፣ ሲመለስ የሴትዮዋን ጥቅል ይበላል። በአንድ ክንድ ርቀት ላለ ስልክ!

ብሉቱዝስ? እሱ ጥቅል አይበላም፤ ጊዜ ነው የሚበላው። አንድ ጊጋ ለማስተላለፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ለገጣፎ ላይ ቢጀመር ሰንዳፋን አልፎ፣ አለልቱን አልፎ፣ ወደ ሸኖ ሲቃረብ ነው የሚያበቃው፤ ያውም ስልክ ካልተደወለና ካልተቋረጠ።

ሰንዳፋ ስንደርስ ሹፌሩ ጎማ ሊያይ ቆመ። ልጁም ነቃ ብሎ የሴትዮዋን ስልክ ተቀበለና ውስጡ ያለ ኢንተርኔት ፋይል የሚያሻግረውን ዜንደርን አገኘ፤ ልጃቸው ጭኖላቸው ኖሯል። በመጀመሪያ ዳታውን አጠፋ። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ዳታው ክፍት ሆኖ ላፕቶፕ ከስልክ ሆትስፖት ጋር ከተገናኘ ዊንዶውስ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ራሱን ማደስ ይጀምርና የወሩን ጥቅል ሙልጭ ያደርገዋል። ከዚያ ሆትስፖቱን ብቻ ከፈተ፣ ላፕቶፑን አገናኘ፣ ስልኩ ላይ የወጣውን አድራሻ ብራውዘር ላይ ጻፈ። ዋይፋይ አለ፣ ኢንተርኔት የለም። ሹፌሩ ጎማውን አይቶ ሳይመለስ ፋይሉ ገባ።

ይህ መንገድ ታሪክ አለው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕንድ ለደኅንነቴ ያሰጉኛል ያለቻቸውን 59 የቻይና መተግበሪያዎች አገደች፤ ዜንደርና መሰሉ ሼርኢትም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በዚያው ዕለት ምሽት ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ፤ በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስም ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ሕንድ ጥርጣሬዋ መሠረት ነበረው አልነበረው አልፈርድም። እዚህ ግን በእነዚያ ሳምንታት ቴሌግራም ሲደነዝዝ፣ ኔት የማይጠይቁት እነዚሁ ነበሩ መሥራታቸውን ያላቋረጡት። ኔት ሲመለስም ብዙ ሰው ከስልኩ ያላጠፋቸው ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ ሚድባሱ እንመለስ። ሴትዮዋ ቪዲዮውን ከፍተው እልል አሉ። ከፊት የተቀመጡት ሴት «ለኔም ይላኩልኝ» አሉ፤ ተላከ። ተማሪውም ተቀበለ፤ ሙሽራዋን አያውቃትም። አለልቱን ስናልፍ ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ ጭፈራውን ያያል። ሸኖ ሳንደርስ የመኪናው እኩሌታ ሰርጉን ስልኩ ላይ ይዞታል።

ልጁ ይህን ጊዜ ነው ቀጥ ያለው። ለካ ከቤተሰቡ የተቀበለው ቀብዱን ብቻ ነው፤ ቪዲዮ ደግሞ ቀሪ ሂሳብ ሳይከፈል አይሰጥም።

«እናቴ… ቀሪው ክፍያ እኮ…»

«ደብረ ብርሃን አባትየው ይሰጥሃል» አሉ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ። «ይልቅ እዚህ ጋ እኔን አጨልመኸኛል፤ ሙሉው ላይ አስተካክለው።»