የለፋ ቆዳ

ከአዲስ አበባ ይዤው የወረድኩት የፍየል ቆዳ ጃኬት ጅቡቲ ከተማ በገባ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሻገተ። በላስቲክ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር። ደንግጬ በረንዳ ላይ ለፀሐይ ሰጣሁት፤ አብዛኛው ሻጋታ ለቀቀ፣ ጃኬቱ ግን እንደ ቅርፊት ደረቀ። ጎረቤቴ የሆኑ ኢትዮጵያዊት እናት ክንዱን አጠፍ ዘርጋ አድርገው አዩትና፣ «ልጄ፣ ይኼማ እንደገና መልፋት አለበት» አሉኝ።

ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት በተለመደው ፍቺው ነው። «ለፋ» ማለት ደከመ፣ ጣረ ማለት ነው፤ «ልፋት»ም የጉልበት ዋጋ። የቆዳ ሰው ግን «ለፋ» ሲል ጥሬው ቆዳ ታሽቶ፣ ተረግጦ፣ ቅባት ጠጥቶ ለሰለሰ ማለቱ ነው። ያንን የሚያደርገው ሰው ቆዳ «ያለፋል»፣ ሙያውም «ቆዳ ማልፋት» ይባላል። ልጆች እየተጋፉ ሲጫወቱ «ይላፋሉ» የምንለውም ከዚሁ ቤት ነው፤ አካል ከአካል ሲተሻሽ ማለት ነው። ድካምና ልስላሴ በአንድ ግስ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

ይህ ጥምረት ከሥራው ባሕርይ ጋር ይገጥማል። ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክሮች እርስ በርስ ይጣበቁና ይገትሩታል። ገጠር ያለው ቆዳ አልፊ ቆዳውን ይዘፈዝፋል፣ ጸጉሩን ያነሣል፣ በእምቧይ ያሸዋል፣ ተልባ ወይም ሌላ ቅባት እያጠጣ በእጁና በእግሩ ያፍተለትለዋል። እሽታው ክሮቹን ያለያያል፤ ቅባቱ በመካከላቸው ገብቶ ተመልሰው እንዳይጣበቁ ያደርጋል። ጅቡቲ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ የሚነገረው ፈረንሳይኛ ይህንኑ ሥራ «ታኔ» ይለዋል፤ ስሙ የመጣው «ታን» ከተባለው የባሉጥ ዛፍ ቅርፊት ነው። ፈረንሳይኛ ሙያውን በመድኃኒቱ ሰየመው፤ አማርኛ በደከመው ሰው።

ቃሉ ያከበረውን ሰው ግን ኅብረተሰቡ አላከበረውም። ቆዳ አልፊው «ፋቂ» ተባለ፣ ቃሉም ስድብ ሆነ። በቤተ ክርስቲያን አጸድ ደግሞ «ብራና ፋቂ» የተከበረ ባለሙያ ነው። ሁለቱም የፍየል ቆዳ ይዘው ይፍቃሉ፤ ግሱም አንድ ነው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ብራናው ተወጥሮ ይደርቃል እንጂ አይለፋም፣ የሚለበሰው ግን ይለፋል። «ብራና» እንኳ ከሩቅ የመጣ፣ ከላቲኑ «ሜምብራና» የወረደ ስም ነው። አንዱን ፋቂ አክብረን ሌላውን ማዋረዳችን የቃሉ ጥፋት አይደለም፤ የኛ ነው።

ጅቡቲ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ በር ናት። እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚህች ወደብ መሠራት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከደጋው ይዞ ከወረደው ሸቀጥ ከቡና ጎን ጥሬ ቆዳ ነበር። ቆዳው ሳይለፋ ባሕር ተሻገረ፤ የለፋው ነገር ከነስሙ ከባሕር ማዶ መጣልን። «ቦርሳ» ከጣሊያንኛ ነው፤ ሥሩ ሲቆፈር «ቢርሳ» የሚል ግሪክኛ ይገኛል፣ ትርጉሙም ቆዳ። ዛሬ ከላስቲክ የተሠራውን እንኳ «ቦርሳ» ስንል ሳናውቀው ቆዳ እያልን ነው። ፊቱ እንደ ከፋይ ለስላሳ የሆነው ቆዳ፣ «ካሞሽ»ም የጣሊያኑ «ካሞሾ» ነው፤ በፈረንሳይኛ «ሻሟ» ይባላል፤ ሁለቱም የአልፕስ ተራራ የዱር ፍየል ስሞች ናቸው። እንግሊዝኛው «ስዌድ» የሚለው ደግሞ ፈረንሳዮች ለስላሳውን የእጅ ጓንት «የስዊድን ጓንት» ከማለታቸው የተወሰደ ነው።

የኛም አገር ስም በዚህ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የስፔኗ ኮርዶባ «ኮርዶቫን» ለተባለው ቆዳ፣ ሞሮኮም ለፍየል ቆዳ ስማቸውን እንደሰጡ፣ የወሎዋ የገበያ ከተማ ባቲ ለፍየል ቆዳ ስሟን ሰጥታለች። በቆዳ ነጋዴ ዘንድ «ባቲ» ማለት ወፍራም፣ ተጣጣፊ፣ ውስጡ ንጹሕ፣ ለካሞሽ የሚመረጥ ቆዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ኢትዮጵያ ወደ ውጭ በሚላክ ጥሬ ቆዳ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ስትጥል ሐሳቡ በአማርኛ ቢነገር አጭር ነበር፤ ቆዳው እዚሁ ይልፋ።

እኒያ እናት ያሉኝንም አደረግሁ። ጃኬቱን ከፀሐይ አንሥቼ ነፋስ በሚገባበት ጥላ፣ ትከሻው ሰፊ በሆነ መስቀያ ላይ ሰቀልኩት። የቀረውን ሻጋታ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠረግሁ። በጥቂቱ የቆዳ ቅባት ቀብቼ ክንዱን፣ ክርኑን፣ አንገቱን በእጄ አሸሁት፤ ካሞሽ ቢሆን ኖሮ ቅባቱ ስለሚያበላሸው በደረቅ ብሩሽ ብቻ እቦርሸው ነበር። ላስቲኩን ጣልኩት፤ ቆዳ በባሕር ዳር አገር አየር ይፈልጋል።

ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። በሁለተኛው ምሽት ክርኑ ያለ ድምፅ ታጠፈ፤ የኔም ጣቶች ዝለው ነበር። እኒያ እናት በአንድ ቃል የነገሩኝ የሁለታችንን ሥራ ኖሯል፤ ጃኬቱም ለፋ፣ እኔም ለፋሁ።