ወደ ላይ የወጣውና ወደ ታች የወረደው



አንድ ሰው በደኅና ኖረ ለማለት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤቱና ወደ ጎተራው እንመለከታለን። ዛሬ ግን ወደ ወንዝ እንድንመለከት እወዳለሁ፤ ይኸውም አዲስ አበባን አልፎ ወደ ደቡብ የሚወርደው አቃቂ ነው።

ታላቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ በከተማዪቱ ዙሪያ ካሉት ተራሮች ተነሥተው፥ አንዱ በምሥራቅ ሌላው በምዕራብ ወርደው፥ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኙና ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር አቃቂ የኦሮሞ ገበሬ ከብቱን የሚያሰማራበት ሜዳ ነበረ፤ ሰውም ከብትም ከወንዙ ይጠጣ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቆላማ ሥፍራ ወደ ከተማው የወጣውን እንቍጠር። የምድር ባቡሩ ሐዲድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1915 አቃቂ ደርሶ፥ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገባ። በውኃ ኀይል ከሚሠሩት የአገራችን ቀደምት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል ሥራው በ1924 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተፈጸመ፤ መብራቱም ወደ ከተማው ወጣ። ከህንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና የቆመው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርቁን ወደ ገበያ ሰደደ። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ደግሞ በአቃቂ ጥልቅ ጕድጓዶች ተቈፍረው፥ ንጹሑ የከርሰ ምድር ውኃ በሞተር ኀይል ተገፍቶ ወደ ከተማው ሽቅብ ይሄድ ጀመር።

ወደ ታች የወረደው ግን ሌላ ነው። የቆዳ ፋብሪካው እጣቢ፥ የመጸዳጃው ፍሳሽ፥ የጋራዡ ዘይት በወንዙ ይወርዳል። የአባ ሳሙኤል ሐይቅ በደለልና በእንቦጭ ተጨናንቆ ማመንጫው ለ40 ዓመታት ያህል ቆሞ ከኖረ በኋላ፥ በቻይና ርዳታ ታድሶ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። በዳርቻው ጎመን፥ ሰላጣና ቆስጣ የሚያለማው ገበሬ ከዚሁ ውኃ ያጠጣል። ሊቃውንት አትክልቱን መርምረው ክሮምየም፥ ካድሚየምና እርሳስ አግኝተውበታል። አትክልቱም ወደ ከተማው ገበያ ይወጣልና፥ የታችኛው ሰው መከራ በዚህ በኩል ወደ ላይኛው ገበታ ይመለሳል።

ድኻው የሚታመመው ንጽሕናን ስለማያውቅ ነው የሚሉ አሉ። ይህን ቃል አልቀበለውም። የአቃቂዋ እናት እንደ ላይኛዪቱ እናት ሁሉ የልጅዋን እጅ ታጥባለች፤ የሚለየው እጅዋ ሳይሆን ውኃው ነው። አፍልታችሁ ጠጡ የሚለውም ምክር የከሰሉን ዋጋ አይከፍልላትም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ34ኛው ምዕራፍ የወቀሳቸው የሰቡት በጎች መጠጣታቸው አልነበረም ጥፋቱ፤ ከጠጡ በኋላ ለከሱት የቀረውን በእግራቸው ማደፍረሳቸው ነው እንጂ።

የለንደንን ታሪክ ያነበበ ነገሩ እንዴት እንደሚለወጥ ይረዳል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1848ና በ1849 በዚያች ከተማ ከ14,000 የሚበልጡ ሰዎች በኮሌራ አለቁ፤ ሆኖም የቴምዝ ወንዝ እንደ ቈሸሸ ቀረ። በ1858 በጋ ግን የወንዙ ግማት በዳርቻው ወዳለው ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ ገባ። ሕግ አውጪዎቹ መጋረጃውን በመድኀኒት እስከ መንከር ደርሰው፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የፍሳሽ መውረጃው እንዲሠራ ሕጉን አጸደቁ። የሞተው ድኻ ያላስቸኰለውን፥ የሹማምንቱ አፍንጫ አስቸኰለው። የእኛ ከተማ ግን በተዳፋት ላይ የተሠራች ናትና፥ የአቃቂ ሽታ ምክር ወደሚመከርበት ወደ አራት ኪሎ አይወጣም።

ምንም አልተደረገም ማለት ደግሞ ሐሰት ይሆናል። በቃሊቲ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት የፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬዎች ተሠርተው ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታቀደ አዲስ ማጣሪያ ቆሟል። ነገር ግን ማጣሪያው የሚያጣራው ቧንቧ ያደረሰለትን ነው። ቧንቧ ካልተዘረጋለት ቤት የሚወጣው በየቦዩ ወደ ትንሹ አቃቂ ይወርዳል፤ ገበሬውም በማለዳ ሞተሩን አስነሥቶ ከዚያው ውኃ ቆስጣውን ያጠጣል።