ከሞፈር እስከ ከርነል

በአርሲ ደጋማ አገር በምትገኘው በአሰላ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የተሻሻሉ የእርሻ መሣሪያዎችን ይፈትን ነበር። ይሁን እንጂ አፈር ገልባጩን የብረት ማረሻ ገበሬው በብዛት አልተቀበለውም። ከበደው፤ ዋጋውም ተወደደበት፤ በመንደር ብረት ቀጥቃጭ ለማስጠገንም አስቸጋሪ ሆነበት። በኋላ በመልካሳ የምርምር ማዕከል የተሠራው ማረሻ ግን የገበሬውን ሞፈርና እርፍ እንዳለ ይዞ ብረቱን ብቻ ለወጠ።

ይኸው ጥያቄ ከአርባ ዓመት በኋላ በሌላ መስክ ተነሣ። ለታዳጊ አገሮች ሕፃናት ታስቦ የተሠራው ኤክስኦ የተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር የሚሠራው በሊኑክስ ሲሆን፣ የሬዲዮ መገናኛ ቺፑን ያመረተው ማርቬል የተባለው ኩባንያ ነበር። ሁለቱ ይግባቡ ዘንድ «ሊበርታስ» የተባለ፣ ምንጩ ክፍት የሆነ ድራይቨር ተጽፎ ለከርነሉ ጠባቂዎች ቀረበ። ድራይቨር እንደ ሞፈር ነው፤ አንዱ ጫፉ ከቀንበሩ፣ ሌላው ከማረሻው ካልገጠመ በሬው በከንቱ ይደክማል።

በከርነል ምርመራ ልማድ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። በከርነሉ ውስጥ ያለውን ሥራ ይደግማልን? ሌላ ሰው አንብቦ ይረዳዋልን? ጸሐፊው ቢተወው ማን ይጠብቀዋል? ሊበርታስ በዚህ ወንፊት አልፎ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2007 በወጣው የ2.6.22 ከርነል ውስጥ ተካተተ።

ሆኖም ምርመራው የማይደርስበት ክፍል ቀረ። በቺፑ ውስጥ የሚሠራው ፈርምዌር በአምራቹ እጅ የተዘጋ ነበር። የኦፕን ቢኤስዲ መሪ ቴዎ ደ ራት ገና በ2006 ይህንኑ በይፋ ነቀፈ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ቺፑ ዋናው ፕሮሰሰር ተኝቶ ሳለ እንኳ መልእክት ማሻገር መቻሉን፣ ይህም መብራት በሌለበት መንደር ያለውን ጥቅም አመለከቱ። ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 5,000 የሚጠጉ ኤክስኦዎች ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሲታደሉ ክርክሩ የሩቅ አገር ጉዳይ መሆኑ አበቃ። ድራይቨሩ ቢታወክ አገር ውስጥ ያለ መሐንዲስ ገልጦ ሊያርመው ይችላል፤ ፈርምዌሩ ቢታወክ ግን የአምራቹን ደጅ ከመጥናት በቀር ምርጫ የለውም።

እንግዲህ አዲስ ዕቃ ለምርመራ በቀረበ ቁጥር መሐንዲሱ ሊጠይቅ የሚገባው የትኛው ክፍል እዚሁ እንደሚጠገን፣ የትኛውስ በሌላ እጅ እንደተቆለፈ ነው። ይህ ጥያቄ የሚጠቅመው ከግዢው በፊት ሲነሣ ነው፤ ከብልሽቱ በኋላ ቢነሣ ጸጸት ብቻ ይሆናል።