ግቢው ሲዘጋ ድጋፉ የት ይሄዳል? የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተማሪዎች በኮቪድ ወቅት

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ታማሚ መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመጀመሪያ ከግቢ ሳይወጡ እንዲቆዩ ቢነገራቸውም፣ ብዙም ሳይቆይ ወደየቤተሰቦቻቸው ተሸኙ። ያ ወቅት በተወሳ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው የኦንላይን ትምህርት ጉዳይ ነው፤ ማን መድረክ ዘረጋ፣ የትኛው መምህር በዙም አስተማረ የሚለው። በእኔ እይታ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለተማሪ የሚደረገው ድጋፍ ሁሉ በግቢው አጥር ውስጥ የተከማቸ ነው። ስለዚህ በመጋቢት 2012 የተዘጋው ክፍሉ ብቻ ሳይሆን ምግቡ፣ አልጋው፣ ቤተ መጻሕፍቱና ክሊኒኩም ጭምር ነበር።

የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይህን አጉልቶ ያሳያል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅነት ተጀምሮ፣ በኋላ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ፣ በ2003 ዓ.ም. የአሁኑን ስሙን ያገኘ ተቋም ነው። ተማሪዎቹን የሚቀበለው በተለየ የመግቢያ ፈተና ስለሆነ ከመላ አገሪቱ የተውጣጡ ናቸው። ትምህርቱም በአመዛኙ ምህንድስናና ተግባራዊ ሳይንስ በመሆኑ ያለ ቤተ ሙከራና ያለ ወርክሾፕ አይሟላም። የቀመር አወጣጥን በስላይድ መላክ ይቻላል፤ የብየዳ ልምምድን ወይም የኬሚካል ምህንድስና ሙከራን ግን አይቻልም።

የዶርምን ኑሮ የሚያውቅ ሰው የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል። ተደራራቢ አልጋ ያለው ክፍል፣ በቀን ሦስት ጊዜ በካፌ የሚሰለፍ ተማሪ፣ እስከ ሌሊት ክፍት የሆነ ቤተ መጻሕፍት፣ ደካማም ቢሆን ነጻ የሆነ ዋይፋይ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ፣ አለ። ሁለት ቀን ከአልጋው ያልተነሳውን ተማሪ ክሊኒክ እንዲሄድ የሚጎተጉተው፣ ከቤት ገንዘብ የተቋረጠበትን ከጓደኞቹ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። በመዋቅር ደረጃ አማካሪ ተብሎ የተመደበው ባለሙያ ከሚያያቸው ይልቅ ፕሮክተሩ የሚያያቸው ይበዛሉ። ተማሪው ወደ ቤቱ ሲመለስ የፕሮክተሩን ሥራ የሚተካ ማንም አልተመደበም።

ተማሪው የተመለሰበትን አካባቢ ለማየት፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ መቂን፣ ባቱን፣ ቡልቡላንና አርሲ ነጌሌን አልፈን ሻሸመኔ እስክንደርስ ያለውን መስመር እንመልከት። ከተሞቹ በአስፋልት የተያያዙ ናቸው፤ ከአስፋልቱ ወጣ ብለው ባሉት ቀበሌዎች ግን የስልክ ምልክት የሚገኘው ቦታ እየተመረጠ ነው። የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ ለዓመታት በአዲስ አበባ ተወስኖ ቆይቶ ወደ አዳማና አካባቢዋ የተስፋፋው በ2013 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በተግባር የትምህርት መድረክ የሆነው ቴሌግራም ነበር። መምህሩ ፋይሉን ለክፍል ተወካዩ ይልካል፣ ተወካዩ በቡድኑ ላይ ይለጥፋል፣ ተማሪው ርካሽ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ሌላው ሰው ሲተኛ ያወርደዋል። ፎቶ ኮፒ ተነስቶ ወደ ፒዲኤፍ የተለወጠ አንድ ምዕራፍ ብቻውን የአንድ ሌሊት ጥቅል ሊጨርስ ይችላል። ጽሑፉን ቢያንስ ወደ ቀላል ፋይል ለውጦ መላክ የመምህሩ ፈንታ ነበር፤ ይህን ያደረጉ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ትልቅ ውለታ ውለዋል።

የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኦንላይን እንዲቀጥል አቅጣጫ ሲሰጥ፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚላከው ግን በአመዛኙ ለንባብ እንጂ ለምዘና አልነበረም። ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር እላለሁ። ኔትወርክ የሌለውን ተማሪ ኔትወርክ ካለው ጋር መፈተን ድህነቱን መፈተን ይሆን ነበርና።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከወረርሽኙም ከዩኒቨርሲቲውም ውጭ ነው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ሳይመለስ ቆየ። በተከተለው ሁከት ሻሸመኔ፣ ባቱና አዳማ ሰው የሞተባቸው፣ ንብረት የወደመባቸው ከተሞች ሆኑ። በእነዚያ ሳምንታት ቴሌግራም ላይ የቆመው ትምህርት ከነጭራሹ ተቋረጠ። ለአንድ ወረርሽኝ የተነደፈ ማስተካከያ በአንድ መስመር ብቻ ከተንጠለጠለ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ሁለተኛው መስመር ምን ሊሆን ይችል ነበር? አዲስ ነገር መፍጠር የሚያሻ አይመስለኝም። የርቀት ትምህርት በአገራችን ዕድሜ ያለው ነው፤ በአዳማም በሻሸመኔም ሞጁል ተቀብለው፣ ቲዩቶሪያል ተከታትለው፣ ፈተና ተፈትነው የተመረቁ ብዙ ሺህ ሠራተኞች አሉ። የታተመ ሞጁል ኢንተርኔት ሲዘጋ አይዘጋም። ለመደበኛ ተማሪም በወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በኩል ሊደርስ ይችል ነበር። ይህ ያልታሰበው፣ እንደሚመስለኝ፣ የርቀት ትምህርት ለመደበኛ መግባት ላልቻለ ሰው የቀረበ ዝቅተኛ አማራጭ ተደርጎ ስለሚታይ ነው።

የገንዘቡም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በዚያን ጊዜ ለአንድ ተማሪ ምግብ የሚያዘው በጀት በቀን 15 ብር ነበር፤ በወር 450 ብር። በካፌ የማይመገብ ተማሪ፣ በተማሪዎቹ አነጋገር ነን ካፌ የሆነው፣ ይህንኑ በጥሬ ገንዘብ ይቀበል ነበር። ስለዚህ ለተማሪ በየወሩ ገንዘብ የሚከፍል አሠራር በእያንዳንዱ ግቢ ነበረ፤ ዝርዝሩም፣ ፊርማውም፣ የባንክ ሒሳቡም። ግቢው በተዘጋባቸው ወራት ተማሪውን ሁሉ ለጊዜው ነን ካፌ አድርጎ መመዝገብ ቢቻል ኖሮ፣ ገንዘቡ ለዳታ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ አለፍ ሲልም ለቤተሰብ እህል ይደርስ ነበር። ቤተሰቡ በቀን ሥራ የሚተዳደር ተማሪ በመቂ የቲማቲም ማሳ ላይ ሲውል ወይም በአዳማ ባጃጅ ሲያሽከረክር የሚያጣው የማንበብ ፍላጎትን አይደለም፤ ጊዜን ነው። ሴት ተማሪ ደግሞ ማሳ ባትወጣም ውኃው፣ ማዕዱና ታናናሾቿ ይጠብቋታል። በወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። እንግዲህ ይህ ገንዘብ ምጽዋት አይደለም፤ ነገ የሚመልሰው ብድሩ ነው።

ግቢዎቹ በ2013 መጀመሪያ ወራት ሲከፈቱ ተመራቂዎች ቀደሙ፣ ሌሎቹ በዙር ተከተሉ። በአንድ ክፍል የሚያድሩት ቁጥር ቀነሰ፣ ሴሚስተሩም ታጨቀ። ጥሪው በወጣበት ሰሞን በትግራይ ጦርነት ተነስቶ ስልክና ኢንተርኔት በመቋረጡ፣ ጥሪው ያልደረሳቸው፣ ቢሰሙም መንገድ ያልነበራቸው ተማሪዎች ነበሩ። የ2012 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ የካቲት መጨረሻ 2013 ተሸጋግሮ የአዲስ ገቢዎች ቅበላም አብሮ ዘገየ፤ በየዓመቱ የሚገቡ ተማሪዎች (ባቾች) በግቢ የተደራረቡት በዚህ ምክንያት ነው።

እስከማውቀው ጥናት ያልደረሰላቸው ግን ጭራሹን ያልተመለሱት ናቸው። የእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በመጋቢት 2012 ተመዝግቦ የነበረውን በ2013 ከተመዘገበው ጋር ቢያስተያይ፣ ማን እንደቀረ ከነትውልድ ወረዳውና ከነስልክ ቁጥሩ ያገኘዋል። ደውሎ ምን እንዳስቀራቸው መጠየቅ፣ ለሚፈልጉትም የድጋሚ ቅበላ በር መክፈት ዛሬም ይቻላል።