ከሸክላ እስከ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቹ ድርሻ በታሪክ ሚዛን

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲያመች በመጠኑ የተስተካከለ)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ የቅርብ ጊዜ ነው። አንድ ሰው ጥቂት ቃላት ጽፎ ቁልፍ ይነካል፤ ግጥሙ፣ ዜማው፣ ቅንብሩ፣ የዘፋኙ ድምፅ ሳይቀር ተሰናድቶ ብዙ ሳይቆይ ይደርሰዋል። ሱኖ የተባለው አገልግሎት በ2023 መጨረሻ፣ ዩዲዮ የተባለው ደግሞ በ2024 ለሕዝብ ክፍት ሆነዋል። የታሪክ ሰው በዚህ ምን አገባው የሚል አይጠፋም። የሚያገባው፣ ማሽን በሙዚቀኛ እንጀራ ላይ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ስላልሆነ ነው።

በንግግሬ ለማሳየት የምሞክረው አንድ ነገር ነው። ባለፉት 120 ዓመታት የሙዚቀኛውን ዕድል የወሰነው የማሽኑ ችሎታ ብቻ አልነበረም። ማሽኑ ያስገኘው ገንዘብ ሲከፋፈል በድርድሩ ላይ ማን ተገኘ፣ ማንስ ተረሳ የሚለው የዚያኑ ያህል ወሳኝ ነበር። ደጋግሞ የተረሳውም አጃቢው፣ ማለትም የመሣሪያ ተጫዋቹ ነው። የውጭውን ታሪክ ስጠቅስ በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን ስጠቅስ በእኛው የዘመን አቆጣጠር እንደምጠቀም አስቀድሜ ላስታውቅ።

ከ1906 ልጀምር። በማርሽ ድርሰቶቹ የታወቀው አሜሪካዊው የባንድ መሪ ጆን ፊሊፕ ሱዛ በዚያ ዓመት ባሳተመው መጣጥፍ፣ ሸክላና በተበሳ የወረቀት ጥቅልል የሚሠራው ፒያኖ በሙዚቃ ላይ ያደርሳሉ ያለውን ጉዳት ዘረዘረ። ልጆች በየቤታቸው መሣሪያ መማር ይተዋሉ፣ የዜማ ደራሲዎችም ሥራቸው ያለ ክፍያ ይወሰድባቸዋል አለ። ሁለተኛው ስጋት በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። በ1908 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የተበሳው ጥቅልል ሰው በዓይኑ አይቶ የሚያነበው ኖታ ስላልሆነ እንደ ቅጂ አይቆጠርም ሲል ወሰነ። ኮንግረሱ በ1909 ባወጣው ሕግ ይህን ለወጠና ለሚመረተው እያንዳንዱ ቅጂ 2 ሳንቲም ለዜማው ባለመብት እንዲከፈል ደነገገ። ለዜማ ደራሲው ታላቅ ድል ነበር። ይሁን እንጂ በሸክላው ላይ መለከት የነፋው፣ ከበሮ የመታው ሰው በዚያ ሕግ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ሁለተኛው ማዕበል በሲኒማ በኩል መጣ። ድምፅ አልባ ፊልም በሚታይበት ዘመን ታላላቆቹ ሲኒማ ቤቶች የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው፤ በአሜሪካ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩት ሙዚቀኞች ከ20 ሺህ በላይ እንደ ነበሩ ይገመታል። በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» ታየ። ሙዚቃው ከፊልሙ ጋር አብሮ መጣ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ያ የሥራ መስክ ከሞላ ጎደል ጠፋ። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ፌዴሬሽን በ1930 ብዙ ገንዘብ አፍስሶ በጋዜጦች የማስታወቂያ ዘመቻ ከፈተ። በማስታወቂያዎቹ ላይ የተሣለው ጠላት ሮቦት ነበር፤ ከዛሬ ወደ መቶ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ልብ በሉ። ዘመቻው ግን አልሠመረም። ሕዝቡ ለሙዚቀኛው እያዘነም ቢሆን ለአዲሱ ፊልም ትኬቱን ቆረጠ። ሙያ በአድማጭ ርኅራኄ ብቻ እንደማይጠበቅ ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛውን ምዕራፍ ጠለቅ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ። በ1940 የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የሆነው የቺካጎው ጄምስ ፔትሪሎ፣ ኦገስት 1 ቀን 1942 አባላቱ ለሸክላ ኩባንያዎች መቅዳት እንዲያቆሙ አደረገ። መከራከሪያው ግልጽ ነበር። ሙዚቀኛው አንድ ቀን ተጫውቶ የአንድ ቀን ዋጋ ይቀበላል፤ ሸክላው ግን በሬዲዮና በየመጠጥ ቤቱ ለዓመታት እየተጫወተ ያንኑ ሙዚቀኛ ከሥራው ያስወጣዋል። ወቅቱ የጦርነት ስለነበር ፔትሪሎ ብዙ ተወገዘ። በ1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ራሳቸው እገዳው እንዲነሣ ቢጠይቁትም አልተቀበለም። ዴካ በ1943፣ አር.ሲ.ኤ. ቪክተርና ኮሎምቢያ በ1944 መጨረሻ ተስማሙ። በስምምነቱ መሠረት ከሚሸጠው ሸክላ ጥቂት ድርሻ ወደ አንድ የጋራ ፈንድ ይገባል፤ ፈንዱም ሥራ ላጡ ሙዚቀኞች እየከፈለ በየከተማው ለሕዝብ ነጻ የሙዚቃ ዝግጅት ያቀርባል። በ1947 የወጣው የሠራተኛ ሕግ ይህን አሠራር ሲያግድ በ1948 ሁለተኛ የቀረጻ ማቆም ተደረገ፤ ፈንዱም በገለልተኛ ባለአደራ እየተዳደረ እንዲቀጥል ሆነ።

ድሉን ማጋነን አይገባም። ዘፋኞች የፌዴሬሽኑ አባላት ስላልነበሩ እገዳው አልነካቸውም፤ ፍራንክ ሲናትራ በ1943 ያለ መሣሪያ፣ በሰው ድምፅ ብቻ ታጅቦ ዘፈኖችን አስቀርጿል። ባንዶቹ ዝም ባሉባቸው ወራት ዘፋኙ ይበልጥ ገነነ። ቢሆንም ከዚያ ትግል አንድ መርሕ ተገኝቷል፤ ማሽን ከብዙ ሙዚቀኞች ድካም ትርፍ ሲያገኝ፣ ከትርፉ ከፊሉ በማሽኑ ምክንያት ለተፈናቀለው የሙያ ማኅበረሰብ ይመለሳል። ይህ መርሕ በማንም ቸርነት የተሰጠ አልነበረም። ተጫዋቹ «አልቀዳም» የማለት አቅም ስለነበረው የተገኘ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ መንገዱ ሌላ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ በኋላም፣ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የዘመናዊው ሙዚቀኛ ዋና ቀጣሪ መንግሥት ነበር፤ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ እንዲሁም ቴአትር ቤቶቹ። ተጫዋቹ ደመወዝተኛ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የግል ገበያ በር ተከፈተ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን አዳከመ፤ ሸክላም ቦታውን ለካሴት ለቀቀ። ካሴት ርካሽ ነው፤ በማንም ቤት ይገለበጣል። ቀጥሎ በተለምዶ «ኦርጋን» የምንለው ኪቦርድ መጣ። ሦስትና አራት ሰው በትንፋሽ መሣሪያ የሚያሰማውን አንድ ሰው በጣቶቹ ያሰማ ጀመር፤ ከበሮ መቺውንም የሚተካ ቁልፍ በዚያው በኪቦርዱ ላይ ነበረ።

በእነዚያ ዘመናት የካሴት ልባሶች ላይ «ግጥም»፣ «ዜማ»፣ «ቅንብር» እየተባለ ስም ይጻፋል። ሣክስፎኑን የነፋው ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ክፍያውም በአብዛኛው አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ነበር። የዚያ ዘመን ሙዚቃችን «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ለዓለም ሲቀርብ፣ የውጭው አድማጭ ያደነቀው ድምፃውያኑን ብቻ አልነበረም፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን ለዛ ጭምር ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኙን ከሥራ አመንጪው ጎን ባለመብት አድርጎ አስቀመጠው። በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሎም መብትን በጋራ ለማስተዳደር መንገድ ከፈተ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ የተነደፈው ግን ቅጂን ለመቆጣጠር ነው።

የዛሬው ማሽን ደግሞ በተለመደው ትርጉም አይቀዳም። ኮምፒዩተር በሙዚቃ ሲሳተፍ አዲስ አይደለም። በ1957 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሂለርና አይዛክሰን በኮምፒዩተር ስሌት የአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ድርሰት አዘጋጅተዋል፤ የተጫወቱት ግን ሰዎች ነበሩ። ሸክላም ቢሆን የተጫዋቹን ሥራ ቢሻማም የተጫዋቹን ጨዋታ ይዞ ይኖር ነበር፤ ልጁ አድምጦ «ይህ አባቴ ነው» ሊል ይችላል። አዲሱ ማሽን ከእልፍ አእላፍ ቀረጻዎች የተማረውን አዋሕዶ፣ የማንም ነው የማይባል ድምፅ ያወጣል። መጠኑም ቀላል አይደለም። ዲዘር የተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ማሰራጫ በ2025 መጀመሪያ በቀን 10 ሺህ ያህል ሙሉ በሙሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ሙዚቃዎች እንደሚደርሱት ገለጸ፤ ከሦስት ወራት በኋላ ቁጥሩ ከ20 ሺህ አለፈ።

በ2024 ዩኒቨርሳል፣ ሶኒና ዋርነር ሱኖንና ዩዲዮን በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከሰሱ። ሱኖ በመልሱ፣ ማሽኑን ያስተማረው በክፍት ኢንተርኔት ከሚገኙ ጥራት ያላቸው የሙዚቃ ፋይሎች መሆኑን አልካደም፤ ይህ በሕግ የተፈቀደ ነው ሲል ተከራከረ። በ2025 መገባደጃ ዩኒቨርሳል ከዩዲዮ ጋር፣ ዋርነር ደግሞ ከሁለቱም ጋር ታርቀው የፈቃድ ውል ተዋዋሉ። የ1909ን ሕግ ያጠና ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ መጠየቅ አለበት። የተዋዋሉት የቀረጻው ባለቤቶችና የማሽኑ ባለቤቶች ናቸው። አጃቢውስ በማን ተወከለ?

«ሙዚቀኛም ከቀደሙት አድምጦ ነው የሚማረው፤ ማሽኑ ምን የተለየ ነገር አደረገ?» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ቀላል ክርክር አይደለም። ይሁንና የአዝማሪን ትምህርት አስቡ። ልጅ ከአባቱ ወይም ከዘመዱ ሥር ተቀምጦ ማሲንቆ ይማራል፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ይለያል። የተማረውን ይዞ ሲወጣ ግን ያስተማረውን ያውቀዋል፣ ስሙን ይጠራል፣ ሲያረጅ ይጦረዋል፣ በተራው ሌላውን ያስተምራል። መማር ዕዳ ነበረው። ማሽኑ የተማረው ያለ ዕዳ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ይህ መሣሪያ ጥቅም የለውም አልልም። ስቱዲዮ የሚከራይበት ገንዘብ የሌለው ወጣት የዜማ ደራሲ ሐሳቡን በእርሱ ሊሞክር ይችላል፤ ኪቦርዱም በጊዜው ለብዙዎች በር ከፍቷል። የእኔ ስጋት ስለ ድርድሩ ነው። በማሳቹሴትስና በኒውዮርክ ፍርድ ቤቶች ስለ ማሲንቆ ተጫዋቻችን የሚከራከር የለም። በእጃችን ያለው አቅም እዚሁ ነው። የከዋኝ መብታችን ቀረጻን ለማሽን ማስተማሪያ ማዋልን በግልጽ ሊመለከት ይገባል። የሙያ ማኅበራት ውል ሲፈርሙ አጃቢውን በስሙ ይጥቀሱ። በሬዲዮና በቴአትር ቤቶች ማኅደር የተከማቹት ክሮች ለማንኛውም ኩባንያ ከመሰጠታቸው በፊት፣ በእነርሱ ላይ የተጫወቱት ሰዎች ወይም ወራሾቻቸው ይጠየቁ።

የዚህ ሥራ መጀመሪያ የእኛ የታሪክ ሰዎች ድርሻ ነው። ስሙ የማይታወቅ ሰው ሊከፈለውም ሊጠየቅም አይችልም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በኦርኬስትራዎቻችን የተጫወቱት ጥቂቶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ በየትኛው ቀረጻ ላይ ማን ምን እንደ ተጫወተ ያስታውሳሉ። እዚህ ያላችሁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለጥናታችሁ ርእስ የምትፈልጉ ከሆነ፣ መቅረጸ ድምፅና ደብተር ይዛችሁ ወደ እነርሱ ሂዱ፤ ጊዜ የለንም።